የእህቴን ዕድሜ በምን ላስረዳ? መታወቂያዋ 19 ይላል

የዘጌ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ታናሽ እህቴ ከዘጌ መጥታ እኔ ጋ ሆና ትማር ነበር። ባለፈው ክረምት ሰው ቤት ሥራ ገባች፤ እዚያ በደል ደረሰባት። ዝርዝሩን አልጽፍም። ሰውየው ታስሮ ተከሷል። ክሱ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 626 ነው አሉኝ።

አሁን ጉዳዩ ዕድሜዋ ላይ ተንጠልጥሏል። በባለፈው ቀጠሮ የሰውየው ጠበቃ የቀበሌ መታወቂያዋን ፎቶ ኮፒ አቀረበ። 19 ዓመት ይላል። መታወቂያውን ያወጣላት ዐረብ አገር እልክሻለሁ ያላት ደላላ ነው። ዕድሜውን የጨመረውም እሱ ነው። እናቴን ብትጠይቋት «ሕዳር ሚካኤል ማግስት ነው የወለድኳት» ትላለች። ዓመቱን ስትጠየቅ ደግሞ «ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ፣ በዓመቱ» ነው መልሷ። ይህ 2001 ይሆናል። የልደት ካርድ የለም፤ የተወለደችው ቤት ነው።

ዐቃቤ ሕጓ «ያላችሁን ወረቀት ሁሉ አምጡ» ብላኛለች። ጎረቤቴ «ምን ታስቢያለሽ፣ አዲስ የልደት ሰርተፍኬት አስወጪ» ይላል። ሌላው «ኤክስሬይ ነው የሚያዋጣው» ይላል። ዳኛ የቱን ነው የሚያምነው? ግራ ገባኝ።


ባለባጃጁ፦

ኤክስሬይ አስነሺያትና ተገላገዪ። ለታዳጊ ኳስ ተጫዋቾችስ እሱ አይደል የሚሠራው?


ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ለልጅቷ እግዚአብሔር ያጽናት። ቀጥሎ፣ ከዚህ በላይ ዝርዝር እዚህ አትጻፊ። ትምህርት ቤቷን፣ የሰውየውን ሰፈር፣ የመዝገብ ቁጥሩን እንዳትጠቅሺ። ባሕር ዳር ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ከተማ ነው፤ ይህን የሚያነብ ሁሉ ወዳጅ አይደለም።

ብዙ ዓመት በዐቃቤ ሕግነት ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ቁጭ ብዬ የሰው ጥያቄ አነባለሁ፤ ልጆቼ «ሥራህን አልተውክም» ይሉኛል። የአንቺን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ በዕድሜ ምክንያት የተበላሹ መዝገቦች ብዙ አይቻለሁና።

ነገሩ ለምን እንደሚያከራክር ልንገርሽ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዕድሜ የወንጀሉ ፍሬ ነገር ነው። አንቀጽ 626 የሚመለከተው በ13 እና በ18 ዓመት መካከል ያሉ ልጆችን ነው። ቅጣቱ በመደበኛው ከ3 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከ13 በታች ከሆነች አንቀጽ 627 ይመጣል፤ እዚያ ቅጣቱ ከ13 እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። በእነዚህ አንቀጾች «ፈቅዳ ነው» ማለት አያድንም። 18 ሞልቷታል ከተባለ ግን ዐቃቤ ሕግ በአንቀጽ 620 ሄዶ ኃይል ወይም ዛቻ እንደነበረ ማስረዳት ይኖርበታል። ጠበቃው በዚያች ፎቶ ኮፒ ክሱን ከሥሩ ሊነቅለው ነው የፈለገው።

የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው። ተከሳሽ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመገመት መብት አለው፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ ተጽፏል። ዳኛው የግል ተበዳይዋን አይተው «ልጅ ናት» ብለው በልባቸው ሊያስቡ ይችላሉ። በዚያ ብቻ ግን ፍርድ አይጻፍም።

እኔ አንድ ወረቀት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቼ ተጻፈ?» ብዬ ነው። ማንም ፍርድ ቤት ባላሰበበት ጊዜ የተጻፈ ወረቀት ቢቀደድም፣ ዘይት ቢነካውም ይታመናል። ከወንጀሉ በኋላ የተጻፈ ወረቀት ማኅተሙ የቱንም ያህል ቢያምር ይጠረጠራል።

ስለዚህ የጎረቤትሽን ምክር ተዪው። ሕጉ ድሮ የተወለደን ሰው አይመዘገብም አይልም፤ ለነባር ልደትም መንገድ አለው። ግን የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ከልደት ቀኑ ሌላ የተመዘገበበት ቀንም ይጻፋል። ጠበቃው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። «ደንበኛዬ ከታሰረ በኋላ የተወለደች ልጅ» ብሎ ችሎቱን ያስቀዋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። አዋጁ፣ ቁጥር 760፣ የወጣው ግን በ2004 ነበር። እህትሽ ከዚያ በፊት ነው የተወለደችው። ካርድ የላትም መባሉ ማንንም አይገርምም። (በነገራችን ላይ ሕፃናት ያላችሁ፣ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ነገ የማን ልጅ ምን እንደሚገጥመው አይታወቅም።)

አሁን አሮጌ ወረቀት እንፈልግ።

የክትባት ካርድ ካለ ከሁሉም በፊት እሱን እወዳለሁ። ልጅቷ ቤት ብትወለድም በ45 ቀኗ ለክትባት ሄዳ ይሆናል። ከዚያ በየወሩ፣ በመጨረሻም በ9 ወሯ የኩፍኝ ትከተባለች። ካርዱ ላይ እነዚህ ቀኖች በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ እስክሪብቶ፣ በተለያየ ሰው እጅ ተጽፈዋል። አንዱን ቀን መቀየር ይቻል ይሆናል፤ ሁሉንም ማስማማት ግን ከባድ ነው። ካርዱ ከጠፋ የጤና ጣቢያው ትልቁ የክትባት መዝገብ ይኖራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋ የቤተሰብ ማህደርም ይጠየቅ።

ቀጥሎ ትምህርት ቤት። መሸኛዋን ሳይሆን 1ኛ ክፍል ስትገባ የተመዘገበችበትን መዝገብ ፈልጉ። በየዓመቱ ሮስተር ላይ ዕድሜ ይጻፋል። 1ኛ ክፍል 7፣ 2ኛ ክፍል 8 እያለ የሚሄድ ከሆነ በአንድ ጊዜ የተፈጠረ ነገር አይደለም ማለት ነው። ድክመትም አለው። ገጠር ውስጥ መምህሩ ልጁን አይቶ በግምት ይጽፋል፤ ዘግይቶ የገባ ልጅም ሰባት ዓመት ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ለዚህ ነው ብቻውን የማይበቃው።

ወረቀቱ ብቻውን ችሎት ቢገባም ጎደሎ ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይም ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ይዘው ቀርበው «ይህ የዕለት ሥራችን መዝገብ ነው፣ የተጻፈውም በዚህ ዓመት ነው» ቢሉ ክብደቱ ሌላ ነው። ዐቃቤ ሕጓ በምስክር ዝርዝሯ ላይ ባታካትታቸው እንኳ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 143 መሠረት ፍርድ ቤቱ ለፍትሕ ያስፈልጋል ያለውን ምስክር ከፍርድ በፊት መጥራት ይችላል። ይህን አስታውሻት። ወጣት ዐቃቤያነ ሕግ መዝገብ ሲበዛባቸው ይረሱታል።

የእናትሽን ቃል አትናቂው። ሕዳር ሚካኤል ማለት ሕዳር 12 ነው፤ ማግስቱ 13። ሚሊኒየሙ ደግሞ መስከረም 1 ቀን 2000። ይህን የማያውቅ ዳኛ ባሕር ዳር ውስጥ አይገኝም። ዓመቱን ለማጠናከር ግን ወንድምና እህቶቿን ቁጠሪ። ከእሷ በፊት የተወለደው ማነው? ከእሷ በኋላስ? መታወቂያው እውነት ከሆነ ልጅቷ የተወለደችው በ1998 ገደማ ነው። የእሷ ታላቅ የሆነ ልጅ በ1999 መወለዱን የሚያሳይ ካርድ ከተገኘ መታወቂያው እዚያው ወደቀ። ታናሽ ከታላቋ አትቀድምማ!

መታወቂያውን በተመለከተ፣ የደላላውን ነገር ዛሬውኑ ለዐቃቤ ሕጓ ንገሪያት። ጠበቃው ካወጣው «ቤተሰቡ ሐሰተኛ ነው» ይባላል። እሷ ቀድማ ካወጣችው የመታወቂያው መነሻ ይመረመራል። ቀበሌው ማህደሩን እንዲልክ በትዕዛዝ ይጠየቅ። ብዙ ጊዜ ከማህደሩ ውስጥ የሚገኘው የሰው ቃልና ፎርም ነው፤ የልደት ማስረጃ የለበትም። በቃል የተጻፈ 19 ከክትባት ካርድ አይበልጥም።

ኤክስሬዩን የሚያውቁት ይናገሩበት። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የሚደረግ ከሆነ ቶሎ ይደረግ። ምርመራው የሚናገረው ምርመራው ስለተደረገበት ቀን ዕድሜ ነው። ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ደግሞ ወንጀሉ በተፈጸመበት ቀን ስንት ዓመቷ እንደነበረ ነው። ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ልጅቷ እያደገች፣ ውጤቱም ወደ 18 እየተጠጋ ይሄዳል።


ኤክስሬይ ክፍል፦

ባለባጃጁ ወንድሜ፣ ኳሱ ላይ የሚሠራው ሌላ ነው። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለ17 ዓመት በታች ውድድር የሚጠቀመው ኤምአርአይ ነው። ዓላማውም በግልጽ ያለፋቸውን ልጆች ማስቀረት ነው። እስር ቤት የሚያስገባ ወይም የሚያስወጣ ነገር አይደለም።

እኛ ጋ ለዕድሜ ስትላክ የግራ እጇ አንጓና መዳፍ ይነሳል። የአጥንቶቹ ጫፍ ምን ያህል እንደገጠመ ይታያል። ከዚያ ከሥዕል ጋር ይነጻጸራል። ያ የምናነጻጽርበት አትላስ የተሠራው ደህና ኑሮ ካላቸው የአሜሪካ ነጭ ልጆች ነው፤ ክሊቭላንድ ከተማ፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ.። የዘጌ ልጅ ከዚያ ጋር ነው የምትመዘነው። በቂ ምግብ ያላገኘ ወይም ለረጅም ጊዜ የታመመ ልጅ አጥንቱ ዘግይቶ ይበስላል፤ ስለዚህ ከዕድሜው ያነሰ ሊመስል ይችላል። ቀድማ የጎረመሰች ልጅ ደግሞ በተቃራኒው ትልቅ ትመስላለች።

ጤነኛ ልጅ ላይ እንኳ ውጤቱ ወደላይም ወደታችም ሁለት ዓመት ያህል ሊርቅ ይችላል። 16 ለሆነች ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከ14 እስከ 18 ማለት ነው። አንዳንድ ሴት ልጅ ደግሞ 16 ዓመት አካባቢ የእጇ አንጓ ሙሉ በሙሉ ገጥሞ ይገኛል። «ገጥሟል» የሚለውን አይቶ «እንግዲያው 18 ሞልቷታል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ስህተት ነው።

ጥርስም ይታያል። ሁለተኛው የመንጋጋ ጥርስ 12 ዓመት አካባቢ ይወጣል፤ ስለዚህ ክርክሩ 13 ላይ ሲሆን ይጠቅማል። የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ ግን ከ17 እስከ 21 ባለው ጊዜ ይወጣል፤ ጨርሶ የማይወጣለት ሰውም አለ። 18ን በእሱ መለየት አይቻልም።

ደግሞ በራስሽ ገንዘብ የግል ክሊኒክ ሄደሽ አታሠሪ። ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት በደብዳቤ ሲልካት ነው ውጤቱ ዋጋ የሚኖረው። ደብዳቤው ላይ «ዕድሜዋ ይገለጽ» ብቻ ከሚባል «በዚህ ቀን የነበራት ዕድሜ በግምት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ» ተብሎ ቢጠየቅ ሐኪሙም ክልሉን ይጽፋል። አንድ ነጠላ ቁጥር ከተጻፈ ችሎቱ ያንን ቁጥር እንደ ልደት ቀን ይይዘዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ቀን የሚያወጣው በፈረንጅ ነው። ፎርም ላይ 2001 ብላችሁ ስትሞሉ ዓ.ም. መሆኑን ጻፉ። እሱ እንደ ፈረንጅ ከተያዘ ልጅቷ በ7 ወይም በ8 ዓመት ታረጃለች። ሕዳር 13 ቀን 2001 በፈረንጅ ኖቬምበር 22፣ 2008 ነው።


ዲያቆኑ፦

እህታችን፣ ክርስትናዋን ለምን አላነሳሽም? ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። ዘጌ ካደገች ደብሩ መዝገብ ይኖረው ይሆናል። እናትሽ ያለችው ቀን ልክ ከሆነ ከሕዳር 13 ጀምረሽ ስትቆጥሪ 80ኛው ቀን የካቲት 2 ቀን 2001 ላይ ይውላል። መዝገቡ ላይ ያ ቀን ወይም ቅርብ ቀን ከተገኘ የእናትሽ ቃል ቆመ ማለት ነው።

ልብ በዪ። ስሟ ሌላ ነው። መዝገቡ የሚጽፈው የክርስትና ስሟን ነው። ወለተ እንዲህ ተብሎ ይገኛል፤ ትምህርት ቤት የምትጠራበትን ስም አታገኚውም። ሁለቱ ስሞች የአንድ ልጅ መሆናቸውን የምትመሰክረው የክርስትና እናቷ ናት። በሕይወት ካለች አሁኑኑ አናግሪያት።

ከደብሩ አዲስ የተጻፈ ምስክር ወረቀት ብቻ ይዘሽ እንዳትመለሺ። እሱ የዛሬ ቀን ነው ያለበት፤ ጋሼ ያሉት ጣጣ ይመጣል። መዝገቡ ራሱ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይቅረብ። አለቃው ያለ ትዕዛዝ መዝገብ አይሰጡም፣ ልክም ናቸው። ደግሞ ሁሉም የገጠር ደብር እንዲህ ያለ መዝገብ አልያዘም። ካልተገኘ አትዘኚ።


ሌላኛው ወገን፦

እኔ ተከላካይ ጠበቃ ነኝ። ስድብ ሊመጣብኝ ይችላል፤ ግን መስማት ያለባችሁ ይመስለኛል።

ክርስትና ዘግይቶ ሊሆን ይችላል እላለሁ። እናት ታማ፣ አባት ርቆ፣ ድግስ ጠፍቶ። ስለዚህ ልጅቷ ከመዝገቡ ቀን ሦስት ወር ቀርቶ ከዚያም በላይ ቀድማ ልትወለድ ትችላለች። ዲያቆኑ ይህን ዘልለውታል። ያም ቢሆን በወራት ነው የምከራከረው፤ ሦስት ዓመት ግን በዚህ አይሸፈንም።

የምፈራውን ደግሞ ልንገራችሁ። ልጅቷ 18 እንዳልሞላት ብትረጋገጥም አንቀጽ 80 አለ፤ ስለ ፍሬ ነገር ስህተት የሚናገረው። ደንበኛዬ «መታወቂያዋን አይቼ ነው የቀጠርኳት፣ 19 መስሎኝ ነበር» ይላል። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ ከዕድሜዋ በተጨማሪ ሰውየው ልጅ መሆኗን ያውቅ እንደነበር ማሳየት አለበት። ዩኒፎርም ለብሳ መጥታ ያውቃል? «መስከረም ሲጠባ ትምህርቷን ትቀጥላለች» ብላችሁ ነግራችሁታል? ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ሲጠይቅ የሰማ ሰው ታውቃላችሁ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካላቸው የእኔ መከላከያ ይሟሽሻል።

የሚያስቀናኝ የሕንድ ሕግ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የታዳጊዎች ፍትሕ ሕጋቸው አንቀጽ 94 ላይ ደረጃ አስቀምጧል። በቅድሚያ የትምህርት ቤት የልደት ማስረጃ። እሱ ከሌለ የማዘጋጃ ቤት የልደት ምስክር ወረቀት። ሁለቱም ከሌሉ ብቻ የአጥንት ምርመራ። የእኛ የወንጀል ሕግ እንዲህ ያለ መሰላል አልጻፈም፤ ስለዚህ ሁላችንም በየችሎቱ እንደ አዲስ እንሟገታለን።


የዘጌ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ጠበቃውንም ጭምር፤ ተናድጄ ነበር ግን ጠቅሞኛል። ሥራ ስትገባ ያደረስኳት እኔ ነኝ። «ትምህርት ሲከፈት ትመለሳለች» ብዬ ለሰውየውም ለሚስቱም ነግሬያቸዋለሁ። አጠገቤ ጓደኛዬ ነበረች።

ትናንት እናቴ ጋ ደወልኩ። የእህቴ የክትባት ካርድ የለም፤ አይጥ በላው አለችኝ። የታላቅ ወንድሟ ግን ሳጥን ውስጥ ተገኘ። 1999 ነው የሚለው! ጋሼ እንዳሉት ማለት ነው? የክርስትና እናቷም አለች፤ እዚያው ዘጌ ናት። ካርዱን በጀልባ ሰው ይዞልኝ ይመጣል። እናቴ ግን ፈርታለች። «ዓመተ ምሕረቱን በደንብ አስጠኑኝ» ትላለች። ላስጠናት?


ጡረተኛው ዐቃቤ ሕግ፦

1999? እንግዲህ የመታወቂያው ነገር በአብዛኛው አለቀ።

ካርዱን በሰው እጅ አታስመጪ። ወይ ራስሽ ሂጂ፣ ወይ እናትሽ ይዛ ትምጣ። ላሚኔት እንዳታስደርጊው፣ እንዳታጸጂው፣ የደበዘዘውን ፊደል እንዳታደምቂው። ፎቶ ኮፒ አስቀሪና ዋናውን ለዐቃቤ ሕጓ አሳዪያት። ከሰጠሻትም መረከቢያ ይጻፍልሽ። የወንድምየውና የእህትየው እናት አንድ መሆኗን የሚናገር ምስክርም ይኑር፤ የክርስትና እናቷ ይህንንም የስሟንም ነገር መመስከር ትችላለች። ካርዱ፣ የክርስትና እናቷ ቃልና የእናትሽ ቃል እርስ በርሱ ካልተጋጨ ኤክስሬዩ «ከ15 እስከ 19» ቢልም አያስደነግጥም፤ ከወረቀቱ ጋር ይስማማልና።

የአንቺና የጓደኛሽ ነገር ትልቅ ነው። ለፖሊስ ቃል ስትሰጡ ይህን ተናግራችኋል? ካልተናገራችሁ ነገ ጠዋት ዐቃቤ ሕጓ ጋ ሂዱ።

እናትሽን አታስጠኛት። «ሕዳር ሚካኤል ማግስት፣ ሚሊኒየሙ ባለፈ በዓመቱ» ትበል። እንዳስታወሰችው ትናገር። «ሕዳር 13 ቀን 2001 ዓ.ም.» ብላ እንደ ተማሪ ካነበነበች ጠበቃው «ማን አስጠናሽ?» ይላታል፤ እሷም እውነተኛ ሰው ስለሆነች «ልጄ» ብላ ትመልሳለች።